መስከረም ላይ ያልነው

ኸይረዲን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ሰጣትና፣ «ስሚው፤ አንቺ ነሽ» አላት።

አማል ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችው። መጀመሪያ የግቢ ጫጫታ ተሰማት፣ ቀጥሎ የሁለት ልጆች ሳቅ፣ ከዚያ የራሷ ድምፅ። «የዘንድሮ ምርጥ አልበም የጠጅቱ ሙለታ ሁለተኛው አልበም ነው» ትላለች። ሌላዋ ልጅ ሳታስጨርሳት፣ «ገና አልወጣም፣ ግን ሳንሰማው ፈርመናል» ብላ ትጨምራለች። ከዚያ ሁለቱም እንደገና ይስቃሉ።

ክፍሏ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚላት እሷን ነው፤ አንድ ማይክ፣ አንድ አምፕሊፋየርና ሲነሳ የሚያጓራ ኮምፒውተር አላት። ኸይረዲን አሥረኛ ክፍል ሲሆን የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ሰብሳቢ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ነው። ለዓመቱ መዝጊያ ያሰበውን ነገራት። መስከረም ላይ ተማሪዎችን «ዘንድሮ በጉጉት የምትጠብቁት አልበም የቱ ነው?» እያለ ቀድቷቸው ነበር። አሁን ሰኔ ላይ ደግሞ በየክፍሉ ዞሮ ድምፅ አሰጥቷል። ዓርብ ዕለት የመስከረሙን ቅጂ ያሰማና የተናገረውን ልጅ ማይክ ላይ አቅርቦ «አሁንስ?» ብሎ ይጠይቃል።

«ብዙው ሰው ስቷል» አላት። «እኔ ራሴ የጠበቅኩት ጭራሽ አልወጣም። ያገኛችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ጠጅቱ አንደኛ ወጥታለች። ፕሮግራሙን የምዘጋው በእናንተ ነው።»

አማል ማዳመጫውን መለሰችለት። «ራኒያ የለችም እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ። አንቺ ብቻሽን ትበቂያለሽ።»

አስቤ እነግርሃለሁ ብላው ወጣች።

አማልና ራኒያ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። የራኒያ ቤት ወደ ልደታ ማርያም አካባቢ፣ የአማል ደግሞ ጠመንጃ ያዥ ነበር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በነጠላ ጫማ ይኬዳል። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ የራኒያ ታላቅ ወንድም ሙስጠፋ የጠጅቱ ሙለታን የመጀመሪያ አልበም ይዞ ገባ። ሙስጠፋ ከአንድ ሳምንት በኋላ ረሳው። እነሱ ግን ሲዲው ተጭሮ አራተኛው ዘፈን ላይ መዝለል እስኪጀምር ድረስ ሰሙት። ኋላማ ሲዘፍኑም እዚያች ቦታ ላይ አብረው ይዘሉ ነበር። ጠጅቱ ዘፋኝ ሆና ስሟን አለመቀየሯን ይወዱላታል። ሌሎቹ ልጆች ጠጅቱ የአክስት ስም ነው እያሉ ሲያሾፉ ሁለቱ ይቆጣሉ።

ሁለተኛው አልበም ለገና እንደሚወጣ ጠጅቱ በሬዲዮ የተናገረችው በዚያው መስከረም ነበር። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ራኒያ ድንገት ቆማ ቃል እንግባ አለች። ማናቸውም ብትሆን ቀድማ ብታገኘው፣ ሌላዋ አጠገቧ ሳትቀመጥ አትከፍተውም። አማል በጣም ደስ ብሏት ተስማማች።

ኅዳር ላይ የእነራኒያ ሰፈር ተነሳ። ቦታው ለአዳዲስ ሕንፃዎች ይፈለግ ስለነበር ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ተበተነ፤ ለእነራኒያ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ዕቃው አይሱዙ ላይ ሲጫን አማል የቴሌቪዥኑን ካርቶን አቅፋ ቆማ ነበር። ራኒያ ትምህርት ቤትም እዚያው ጀሞ ተዛወረች። ሲለያዩ አልተላቀሱም፤ ቅዳሜ እንገናኛለን ተባብለው ነው የተለያዩት።

ቅዳሜው ግን አልተገናኙም። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ በወላጆቻቸው ስልክ ይደዋወሉ ነበር፣ ከዚያ በሳምንት፣ ከዚያ አማል ስትደውል ብቻ። አማል ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድበት መንገድ በፈረሰው ሰፈር በኩል ያልፋል። ከእነራኒያ ቤት ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ብቻ ለብዙ ጊዜ ሳይፈርስ ቆሞ ነበር። አንድ ቀን ስታልፍ እሱም የለም።

ትምህርት ቤትም እንደዚያው ሆነ። ዴስኳ ላይ ሌላ ልጅ አልተመደበባትም፤ ቦርሳዋን ራኒያ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ታስቀምጠው ጀመር። የሚጠላት ሰው አልነበረም፤ የክፍሉ ልጆች ሁሉም በየቡድናቸው ነበሩ፣ የእሷ ቡድን ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ምሳዋን ቶሎ በልታ ጨርሳ መምህሩ እስኪመጡ ድረስ ደብተር የምታይ ትመስል ነበር።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ራኒያ ቤት መሄድ ስለቀረ ወደ አባቷ ሱቅ መሄድ ጀመረች። አባቷ ጃፋር ከወሎ የመጣ ሰው ነው፤ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ የሶፋና የፍራሽ ልብስ ይሰፋል። ሱቁ ውስጥ ከስፌት መኪናው ሌላ አንድ አሮጌ ቴፕ አለ። ቴፑ ካሴት ማውጫው ተበላሽቶ አንድ ካሴት ውስጡ እንደተቀረቀረ ቀርቷል። አባቷም አላስጠገነውም፤ ሥራ ሲጀምር ያንኑ ካሴት ያስነሳዋል፣ ሲያልቅ ይገለብጠዋል፣ ማለትም ቴፑ ራሱ ይገለብጠዋል። አንድ ድምፁ ወፈር ያለ ሰው በአኮርዲዮን ይዘፍናል። አማል ጥጥ በተሞሉት ጆንያዎች ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከበስተኋላዋ ይሰማል። ማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

ገና መጣ፣ የጠጅቱ አልበም አልወጣም። ለፋሲካ ተባለ፣ ፋሲካም አለፈ። በዚያ ሰሞን ራኒያ ደውላ፣ «ጀለሴ፣ እኛ አርጅተን ነው የሚወጣው» ስትላት ሁለቱም እንደ ድሮው ሳቁ። አማል ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

በመጨረሻ ግንቦት ላይ ወጣ። አማል ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሙዚቃ ቤቱ በር ላይ የጠጅቱን ፖስተር አየች። ያጠራቀመችውን ይዛ ሄዳ ኦሪጅናሉን ሲዲ ገዛችና ላስቲኩን ሳትቀድደው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማታ ለራኒያ ደወለች። ራኒያም አልሰማሁትም፣ ጠብቂኝ አለቻት።

ጠበቀቻት። መጀመሪያ ራኒያ ፈተና ነበረባት። ቀጥሎ እናቷን አመማቸው። ከዚያ ከስልጤ እንግዶች መጡ። እስከዚያ ድረስ ጠጅቱ በየታክሲው፣ በየጁስ ቤቱ ትዘፍናለች። አማል በሙዚቃ ቤቱ በኩል ላለማለፍ መንገድ ታቋርጣለች፤ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ጆሮዋን በሻሿ ላይ በመዳፏ ትይዛለች። ክፍል ውስጥ ልጆቹ በብሉቱዝ ሲላላኩ አንዷ ልላክልሽ ብላት እምቢ አለች። ልጅቷ ገርሟት፣ «ፋራ ነሽ እንዴ?» አለቻት። ጓደኛዬን እየጠበቅኩ ነው ብሎ መመለስ አሳፈራት።

አንድ ቅዳሜ እናቷን ቀመሪያን አስፈቅዳ ሲዲውን ይዛ ጀሞ ሄደች። ራኒያ ከሕንፃው በር ላይ ተቀበለቻት፤ ረዝማለች፣ ፀጉሯንም በሌላ ዓይነት ተሠርታለች። አጠገቧ ነጅማ የምትባል የሰፈሩ ልጅ ነበረች። ሦስቱም ደረጃውን ሲወጡ ነጅማ በስልኳ ዘፈን ከፈተች። የጠጅቱ ድምፅ ነው። አማል ጆሮዋን ልትይዝ ስትል ራኒያ አብራ ስትዘፍን ሰማቻት። ከዘፈኑ ጋር እኩል አልነበረም የምትዘፍነው፤ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ትቀድመው ነበር። ዞር ስትል ዓይናቸው ተጋጨና ራኒያ አፏን ዘጋች።

«እዚህ ሁሉም ቤት ይከፍቱታል» አለች ራኒያ። «ሳልፈልግ ነው የሰማሁት።»

ነጅማ ምንም ሳታስብ፣ «እንዴ፣ የወጣ ቀን አብረን ገዝተን እናንተ ቤት አይደል የሰማነው?» አለቻት።

ራኒያ ቀድማ በሩን ከፈተች። ቤት ገቡ፣ ምሳ በሉ፣ ቴሌቪዥን አዩ። ነጅማ ወደ ቤቷ ስትሄድ ራኒያ ድምፅዋን ቀንሳ፣ ለማንኛውም አልበሙ ያን ያህል አይደለም፣ እኔ አልወደድኩትም አለቻት። አማል ሲዲውን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ተመለሰች። ራኒያ ታክሲ ድረስ ሸኘቻት፤ ስለ ፈተና አወሩ።

በማግስቱ ቤት ማንም በሌለበት ሰዓት ላስቲኩን ቀድዳ ሲዲውን ዲቪዲ ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው። ተናዳ ስለነበር መጥፎ እንዲሆን ፈልጋ ነበር። መጥፎ ግን አልነበረም። ሦስተኛው ዘፈን ያምራል፤ የመጨረሻውም እንዲሁ። ሌሎቹን ስትሰማቸው ሐሳቧ እየሄደ ታጣቸዋለች፣ ወደኋላ መልሳ ትጀምራለች፣ እንደገና ታጣቸዋለች። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው አልበም ከዚህ የበለጠ ነበር። እሱን አልበም ስታስብ ሁልጊዜ ራኒያ አጠገቧ ተቀምጣለች፣ በየመሀሉ ክንዷን ትቆነጥጣታለች። ሲያልቅ ማጫወቻውን ዘግታ ሲዲውን ወደ ማሸጊያው መለሰችው። ከዚያ ወዲህ አልከፈተችውም።

ኸይረዲን ቅጂውን ባሰማት ቀን ከሚኒ ሚዲያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። አባቷ የአንድ ሶፋ ልብስ እየቆረጠ ነው፣ ቴፑም እንደተለመደው ተከፍቷል። ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጣ ዓርብ ምን እንደምትል ታስብ ጀመር። ብዙ ማሰብም አያስፈልጋትም፤ «እንደጠበቅነው ነው» ካለች ግቢው ያጨበጭባል፣ ያልቃል። እንዲህ እያሰበች ካሴቱ ሰውየው ትንፋሹን የሚስብበት ቦታ ደረሰ። ከአኮርዲዮኑ ጋር አብረው ነው ትንፋሽ የሚወስዱት፣ ሰውየውና አኮርዲዮኑ። አማል እርሳሷን አቁማ እንደምትጠብቀው ያን ጊዜ ታወቃት። በየቀኑ እዚያች ቦታ ላይ እርሳሷን ታቆም ነበር። ከካሴቱ ዘፈኖች ሁለቱ በኦሮምኛ ናቸው፤ ቃላቸውን ሳታውቅ ዜማቸውን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች። ከኅዳር ጀምሮ በየቀኑ ያቺን ሰዓት ያሳለፈችው ከእነዚህ ዘፈኖች ጋር ነው።

«አባ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለችው።

ጃፋር መቀሱን ሳያስቀምጥ ነገራት። ኅዳር ላይ አንድ ካሴት አዟሪ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ሲዲ ሆኗል፣ ካሴት የሚገዛኝ አጣሁ አለው። አዘነለትና የማን እንደሆነ ሳያይ አንዱን ገዛው። ኋላ ሽፋኑ ላይ ሲያየው ዘፋኙ ገረሱ ዋቅሹማ የሚባል ነው፣ ዘንድሮ ነው ያወጣው። «ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም» አለ። «ቴፑ ውስጥ ባይቀረቀር ኖሮ እኔም አንዴ ሰምቼ የምተወው ነበር። ምነው፣ ሰለቸሽ?»

«አልሰለቸኝም» አለች አማል።

ለኸይረዲን እሺ አቀርባለሁ አለችው። ሐሙስ ማታ ግን ጭንቅ ያዛት። አኮርዲዮን ወድጃለሁ ብላ በድምፅ ማጉያ መናገር ለክፍሉ አራዶች የዓመት መሳቂያ መሆን ነው። ለራኒያ ደውላ ስለ ፕሮግራሙ ነገረቻት። ራኒያ አንደኛ መውጣታቸውን ስትሰማ በጣም ደስ አላት፤ ድምፅዋ የመስከረሙን መሰለ። እንደጠበቅነው ሆኖ አገኘነው በይ፣ ራኒያም እንደዚያው ብላለች በይ አለቻት።

«አልወደድኩትም ብለሽኝ አልነበር?» አለቻት አማል።

«ማን ያውቃል? አንደኛ ወጣን እኮ።»

አማል ልትስማማ አንድ ቃል ነበር የቀራት፤ ከራኒያ ጋር እንደገና «እኛ» መባባል ናፍቋት ነበር። እናቷ ስልኩን ስትጠይቃት ቻው ብላ ዘጋችው።

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ኸይረዲን በተራ በተራ ቅጂዎቹን አሰማ። ግቢው ይስቃል፤ አንዱ ልጅ የጠበቀው ዘፋኝ ዘፈን ትቶ ንግድ ጀምሯል፣ ሌላው የጠበቀውን አልበም ስም ረስቶታል። በመጨረሻ የአማልና የራኒያ ድምፅ ተሰማ። በጠባቧ ክፍል መስኮት በኩል ሳቃቸው ግቢው ውስጥ ሲያስተጋባ አማል ሰማችው። ኸይረዲን የዓመቱን ተወዳጅ አልበም አበሰረ፣ ጭብጨባው ሲበርድ ማይኩን አስጠጋላት።

«አማል፣ አንቺና ራኒያ መስከረም ላይ ያላችሁት ሆኗል። አሁንስ ምን ትያለሽ?»

«ጠጅቱን ሁለታችንም ስንጠብቃት ነበር» አለች አማል። ድምፅዋ በማጉያው ውስጥ የሌላ ሰው መሰላት። «አልበሟን ሰምቼዋለሁ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ዘፈን ያምራሉ። ዘንድሮ የወደድኩት አልበም ግን እሱ አይደለም። የገረሱ ዋቅሹማ አልበም ነው። በአኮርዲዮን ነው የሚዘፍነው። አልጠበቅኩትም ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ ግን ሰምቼዋለሁ።»

ከውጭ አንድ ሰው «ማነው ደሞ እሱ?» ሲል ተሰማ፣ ጥቂቶች ሳቁ። ኸይረዲንም ለአፍታ ግራ ገብቶት ወረቀቱን አየና፣ «ራኒያስ?» አላት።

«የራኒያን ራሷ ትናገር» አለች።

ደወሉ ተደወለ። ደረጃው ላይ ሁለት ወንዶች ልጆች «አኮርዲዮን» እያሉ ጠሯት። ክፍል ገብታ ተቀመጠች። ሌላ ምንም አልሆነም። መምህሩ ገቡ፣ ትምህርት ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ እያለች የአባቷ ስልክ ጠራ። ራኒያ ነበረች፤ ከድሮ ክፍላቸው አንዷ ደውላ ነግራታለች። ሰላም ሳትል፣ «አብረን ነበር እኮ ያልነው» አለቻት።

አማል ስልኩን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። «አብረን ነው ያልነው» አለቻት። «የጠበቅኩት ግን ብቻዬን ነው። የወጣ ቀን ሰማሁት ብትዪኝ እኔም ያን ቀን እከፍተው ነበር።»

አማል የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«እዚህ ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር» አለች ራኒያ በመጨረሻ። «ስንት ወር ሙሉ ብቻዬን ነው ደረጃው ላይ የምቀመጠው። ነጅማ መጥታ አብረን እንግዛው ስትለኝ እምቢ ብላት ሁለተኛ የምትጠራኝ አልመሰለኝም። ወላሂ፣ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ቀኑ ሄደ፣ ከዚያ አፈርኩ።»

አማል ራኒያን ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አስባት አታውቅም። ሁልጊዜ የምታስባት ከሰው ጋር ነበር።

«እሁድ ነይ» አለቻት ራኒያ። «ነጅማን አልጠራትም።»

«እሁድ አንቺ ነይ።»

«እኔ እዚያ...» አለች ራኒያ። «ቤታችን የነበረበትን ቦታ ማየት አልፈልግም። ለዚህ ነው የማልመጣው።»

«በዚያ አናልፍም። በሌላ በኩል ነው የምወስድሽ።»

ራኒያ እሺ አላለችም፤ እማዬን ልጠይቃት አለች። አማል እሺ ጠይቂያት አለቻት። ድሮ ቢሆን ከጠዋት ጀምሮ ታክሲ መውረጃው ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ ትላት ነበር። ይህ ቃል አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው።

«ታክሲ ስትሳፈሪ ደውዪልኝ» አለቻት። «ያኔ ከቤት እወጣለሁ።»